ከጓደኛ ጋር በመኪና ወደ ሸናንዶዋ፦ ድንኳን ተክሎ ስለ ማደር ለተጠየቀው ጥያቄ

እኅታችን ከጓደኛዋ ጋር በነሐሴ ወር የአምስት ቀን ዕረፍት ወስደው፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ተነሥተው በቨርጂኒያው ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሚያልፈው ስካይላይን ድራይቭና በብሉ ሪጅ ፓርክዌይ በተባሉት የተራራ መንገዶች በኩል እስከ ስሞኪ ተራሮች ለመንዳት፣ ሌሊቱንም በድንኳን ለማደር እንዳሰቡ ገልጻ፣ ሁለቱም ድንኳን ተክለው ስለማያውቁ ምን መያዝና ከምን መጠንቀቅ እንዳለባቸው ጠይቃለች። በዚሁ መንገድ ከአንድ የቆየ ጓደኛዬ ጋር በየዓመቱ ስለምጓዝ፣ የማውቀውን በዝርዝር ልጻፍ።

ከሁሉ አስቀድሜ የምመክራችሁ መንገዱን እንድታሳጥሩት ነው። ስካይላይን ድራይቭ ከፍሮንት ሮያል እስከ ሮክፊሽ ጋፕ 105 ማይል ሲሆን የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ብቻ ነው፤ ከዚያ የሚቀጥለው ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ከስሞኪ ተራሮች ሥር ባለችው ቼሮኪ አጠገብ እስኪያበቃ ድረስ 469 ማይል ይረዝማል፣ ፍጥነቱም ከ45 አያልፍም። ስለዚህ አንድም ቦታ ሳትቆሙ፣ ጉም ሳይጋርዳችሁና አጋዘን መንገድ ሳይዘጋባችሁ ብትነዱ እንኳ ከ13 ሰዓት በላይ መሪ ላይ ትቀመጣላችሁ፤ መመለሻው በአውራ ጎዳና ቢሆንም ሌላ 8 ሰዓት ያህል ይጠይቃል። በዚያ ላይ በሴፕቴምበር 2024 የደረሰው ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ የፓርክዌዩን የሰሜን ካሮላይና ክፍል ክፉኛ ስለጎዳው፣ ወደዚያ የሚያልፍ ሰው የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። እኔ ብሆን ሁለት ሌሊት ሸናንዶዋ ውስጥ ቢግ ሜዶውስ በተባለው የድንኳን ማደሪያ፣ ሁለት ሌሊት ደግሞ ፓርክዌዩ ላይ 86ኛው ማይል አካባቢ በሚገኘው ፒክስ ኦፍ ኦተር አድሬ፣ ወደ ቡካናን ወርጄ በአውራ ጎዳና 81 እመለሳለሁ። በየቀኑ ድንኳን መንቀልና መትከል ጀማሪን ከመንዳቱ በላይ ያደክማል፤ አንድ ቦታ ሁለት ሌሊት ያደረ ሰው ግን ሙሉ ቀን በእግሩ ይንሸራሸራል።

ቢግ ሜዶውስን የመረጥኩት መታጠቢያ ስላለውና ወደ ዳርክ ሆሎው ፏፏቴ የሚወስደው የእግር መንገድ እዚያው አጠገቡ ስለሆነ ነው። መንገዱ ደርሶ መልስ 1.4 ማይል ብቻ ቢሆንም ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት በመሆኑ ውኃ ሳይዙ መውረድ አይገባም። ከፍታው እንደማያስቸግራችሁ ግን በእርግጠኝነት እነግራችኋለሁ፤ የፓርኩ ከፍተኛ ጫፍ ሆክስቢል 1,235 ሜትር ገደማ ስለሆነ ለአዲስ አበባ ልጅ ቆላ ነው። ቢግ ሜዶውስ ከሞላባችሁ ትንሽ ወረድ ብሎ ሉዊስ ማውንቴን የሚባል አነስተኛና ጸጥ ያለ የማደሪያ ስፍራ ታገኛላችሁ። ይህ ስፍራ በ1939 ለጥቁሮች ብቻ ተለይቶ የተከፈተ ነበር፤ የዘር መለያየቱ ከፓርኩ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1950 ነው። እዚያ ድንኳን የምንተክል ሐበሾች ይህን ማወቃችን ተገቢ ይመስለኛል።

እኅታችን ስለ ዕቃ እንጂ ስለ ጓደኛዋ አልጠየቀችም፤ እኔ ግን ከዕቃው ይልቅ እዚህ ላይ ብዙ ማለት እፈልጋለሁ። ከተማ ውስጥ ለዓመታት ሳይጋጩ የኖሩ ጓደኛሞች በሁለተኛው ቀን የሚኮራረፉት አብዛኛውን ጊዜ በገንዘብና በእንቅልፍ ነው። ለገንዘቡ የሚበጀው፣ ከቤት ሳትወጡ እኩል አዋጥታችሁ አንድ የጋራ ቦርሳ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ቤንዚኑንም የማደሪያ ክፍያውንም ማገዶውንም ከዚያው መክፈል፣ ሲያልቅም እንደገና እኩል መጨመር ነው፤ ይህ ሲሆን «ቅድም እኔ ከፍያለሁ» የሚባል ነገር አይነሣም። ስለ እንቅልፍ ደግሞ አንዳችሁ የምታንኮራፉ ከሆነ ሳትተፋፈሩ ተነጋግራችሁ ሁለት ትንንሽ ድንኳኖች ያዙ። አንድ ድንኳን ይበቃናል ካላችሁ፣ «ለሁለት ሰው» ተብሎ የሚሸጠው ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ የሚተኛበት እንጂ ሻንጣ የሚገባበት ስላልሆነ ለአራት ሰው የተሠራውን ግዙ። መኪናው የኪራይ ከሆነም ሁለታችሁም በሾፌርነት መመዝገባችሁን አረጋግጡ፤ ስሙ ያልተመዘገበ ሰው ነድቶ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ላይከፍል ይችላል።

ድንኳኑን መጀመሪያ ቤታችሁ አጠገብ ባለ ሣር ላይ ትከሉት። የተራራው መሬት ድንጋያማ ስለሆነ ካስማው ቀጥ ብሎ አይገባም፤ ራሱን ከድንኳኑ ወደ ውጭ አዘንብላችሁ በድንጋይ ወይም በመዶሻ ምቱት፤ አልገባም ካለ ነቅላችሁ ጥቂት ጣቶች ያህል ፈቀቅ አድርጉት እንጂ አትታገሉት። በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዳማ ዝናብ ድንገት ስለሚመጣ፣ ሰማዩ ጥርት ቢልም የላይኛውን የዝናብ ልባስ ሳታለብሱ፣ አውታሩንም ሳትወጥሩ ለእግር ጉዞ አትሂዱ። ብዙዎቻችን ጋቢ ይዘን መሄድ እንወዳለን፤ እሳት ዳር ለመቀመጥ የሚያክለው የለም፣ ነገር ግን ጥጥ በመሆኑ የድንኳኑን ግድግዳ ከነካ ጤዛውን መጥጦ እስከ ረፋድ አይደርቅም። ለመኝታ የመኝታ ከረጢትና ከሥሩ የሚነጠፍ ፍራሽ ያስፈልጋችኋል።

ምግብን በተመለከተ፣ ጉዟችሁ ከኦገስት 7 እስከ 21 ባለው ጊዜ ውስጥ ከዋለ ፍልሰታ ስለሆነ፣ ጾመኞች ከሆናችሁ ነገሩ እንዲያውም ይቀላል። በሶ፣ ቆሎና ሽሮ በረዶም ማቀዝቀዣም አይፈልጉም፤ አንዲት ትንሽ የጋዝ ምድጃ ለሽሮውም ለቡናውም ትበቃለች። ሆኖም ፓርኩ የጥቁር ድብ አገር ነው። ድቡ የሚመጣው ሽታ ተከትሎ ስለሆነ፣ በርበሬም ሳሙናም የጥርስ ሳሙናም ሳይቀር ማታ ድንኳን ውስጥ ማደር የለበትም፤ ሁሉም በተቆለፈ መኪና ውስጥ ወይም በስፍራው በተዘጋጀው የብረት ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ድስቱንም ሳታጥቡ አትተኙ። ማገዶ ከቤት ይዛችሁ አትሂዱ፤ አሽ የሚባለውን ዛፍ የሚጨርስ ነፍሳት በእንጨት ውስጥ ሆኖ ስለሚዛመት ፓርኩ ይከለክላል፣ እዚያው የሚሸጠውን ግዙ። ቡሄ በኦገስት 19 ላይ ቢያገኛችሁና ችቦ ቢያምራችሁ፣ እሳቱ ከተዘጋጀው የብረት ቀለበት መውጣት እንደሌለበት አትርሱ።

ከድቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ መዥገር ነው፤ ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ረጅም ሱሪ ለብሳችሁ ጫፉን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፤ ማታ ማታ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት ሥርና ከጆሮ ኋላ ተፈታተሹ። የተጣበቀ ካገኛችሁ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት እንጂ በክብሪት አታቃጥሉት።

ስልክ በአብዛኛው መንገድ ላይ ስለማይሠራ ካርታውን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ ቤንዚንም ፍሮንት ሮያል ላይ ሞልታችሁ ግቡ። የማደሪያ ቦታ በሪክሪኤሽን ዶት ገቭ (recreation.gov) ድረ ገጽ በኩል እስከ ስድስት ወር አስቀድሞ ስለሚያዝ፣ የነሐሴ ዓርብና ቅዳሜ ፈጥኖ ያልቃል። ዕረፍታችሁን ማዛወር ከቻላችሁ እሑድ ገብታችሁ ሐሙስ ብትወጡ ቦታ የማግኘት ዕድላችሁ ይሰፋል፤ ካጣችሁም የሰው ስረዛ ስለማይጠፋ ገጹን ጠዋትና ማታ ተመልከቱ።