ለጦር ሠራዊት ስለታተሙ ሸክላዎች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ለአሜሪካ ወታደሮችና ለሬዲዮ ጣቢያዎቻቸው ብቻ ስለታተሙት ሸክላዎች ጠይቃችሁኛል። በተቻለኝ መጠን እነሆ።

ጋሼ፣ ቪ-ዲስክ ከተራው ሸክላ በምን ይለያል?

ከ1943 እስከ 1949 (እዚህ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች ነው) ጦሩ ለወታደሮቹ በነፃ ያደለው ሸክላ ነው። በጊዜው የተለመደው ባለ 10 ኢንች ሸክላ በአንድ ገጹ ሦስት ደቂቃ ያህል ይይዝ ነበር፤ ባለ 12 ኢንቹ ቪ-ዲስክ ግን በደቂቃ 78 ጊዜ እየዞረም ከስድስት ደቂቃ በላይ ይዘልቃል። ሙዚቀኛው ሳይጣደፍ ሲጫወት የምንሰማው በዚህ ነው።

ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። በነሐሴ 1942 የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር አባላቱ ለሸክላ ኩባንያዎች እንዳይቀርጹ ከለከለ፤ እገዳው ሙሉ በሙሉ የተነሣው በኅዳር 1944 ነው። ለጦሩ ግን ፈቀደ፤ እንዳይሸጥና በመጨረሻ የማተሚያ ቅጂው እንዲጠፋ ተስማምተው። ስለዚህ በዚያ ጊዜ የተጫወቱትን በቪ-ዲስክ ብቻ የምናገኛቸው አሉ። የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹ ፋትስ ዋለር በመስከረም 1943 ለቪ-ዲስክ ብቻውን ፒያኖ ላይ ተቀመጠ፤ በሦስት ወሩ ሞተ። ያንን በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ከስምንት ሚሊዮን በላይ ታትሞ እንዴት ብርቅ ይሆናል?

ሥራው ሲያበቃ ማተሚያዎቹ ተሰባበሩ፣ የተገኘው ሸክላም እየተለቀመ ተወገደ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ይዞ የተገኘ የሸክላ ኩባንያ ሠራተኛ እስከ መታሰር ደርሷል። ዛሬ በእጃችን የሚገባው ባብዛኛው አንድ ወታደር በጓዙ ሸሽጎ ያመጣው ነው። ቢሆንም ሁሉም ውድ አይደለም፤ ብዙ የታተሙት በርካሽ ይገኛሉ። «ቪ» ስላለበት ብቻ አትግዙ።

ባለ 16 ኢንች አገኘሁ፤ ማጫወቻዬ ላይ አልገጥም አለ።

እህቴ፣ እሱ ለጣቢያ ነው እንጂ ለቤት አልተሠራም። በ1942 የተቋቋመው የጦር ኃይሎች ሬዲዮ አገልግሎት ፕሮግራሞቹን በዚህ መጠን እያሳተመ ይልክ ነበር፤ በደቂቃ 33⅓ ዙር፣ በገጽ 15 ደቂቃ ያህል። የማጫወቻሽ ክንድ ካልደረሰ አታስገድጂው። ደግሞ የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም ብዙ ጊዜ በሁለት ሸክላ ይከፈላል፤ ጣቢያው አንዱን ሲጨርስ ሌላውን ያለ ፋታ እንዲያስከትል። ጓደኛውን እዚያው ፈልጊ። «ጁቢሊ» የሚል ካየሽ በተለይ አትለፊው፤ ጦሩ በዘር ተከፋፍሎ በነበረበት ዘመን ለጥቁር ወታደሮች የተዘጋጀ ፕሮግራም ነው፤ ጃዙም ድንቅ ነው።

የኤልፒ መርፌ ይሆናል?

ለቪ-ዲስክ አይሆንም። የኤልፒ (በደቂቃ 33⅓ የሚዞረው የኋለኛው ዘመን ሸክላ) መርፌ ጫፍ 25 ማይክሮን ገደማ ነው፤ የ78ቱ ቦይ ደግሞ 75 ገደማ ይፈልጋል። ቀጭኑ ወለሉን ይፍቃል። በእጅ የሚጠመዘዘው የጥንት ግራሞፎን የብረት መርፌም ይቅር። ወታደሮቹ በእሱ ስለሰሙት ነው ብዙዎቹ ፈዘው የሚገኙት።

በአልኮል ላጽዳው?

ምን እንደሆነ ሳታውቅ አትሞክር። ቪኒል የሚባለው ፕላስቲክ ቢችለውም፣ የድሮው ሸክላ የሚሠራበትን ሸላክ የተባለ ሙጫ ግን ያሟሟዋል። ቪ-ዲስክም ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሸላክ ከእስያ መምጣቱ በጦርነቱ ስለተጓደለ የተለያየ ፕላስቲክ ተሞክሯል። የተጣራ ውኃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል።

አስመራ ከነበረው ቃኘው ጣቢያ የወጣ ሊገኝ ይችላል?

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ኮሪያ በዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጦራችን ስም የተጠራው ይህ የአሜሪካ ጦር ሰፈር የራሱ ሬዲዮ ነበረው፤ በ1960ዎቹ የእኛም ሙዚቀኞች ከዚያ ነው ሶልና ሪዝም ኤንድ ብሉዝ የቀዱት። ጣቢያው በ1977 ተዘጋ። እዚያ የሠራ ቤተ ዘመድ ካላችሁ ዕቃ ቤቱን አስፈትሹ። የጦር ኃይሎች ሬዲዮ ጽሑፍ ያለበት ሸክላ ቢወጣ ልባሱን አትጣሉ፣ በእስክሪብቶ የተጻፈውንም ሆነ ማኅተሙን አታጥፉ። የት ጣቢያ እንደተሰማ የሚነግረን እሱ ነው። ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሡና ላኩልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።