በእርጅና ዘመን ስዕል፣ ዜማና ጭፈራ፦ ጥያቄና መልስ

ለዓመታት የአረጋውያን የስዕልና የዝማሬ ቡድኖችን ስመራ ቆይቻለሁ። የተጠየቅኩትን እንደየአመጣጡ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። በሕይወቷ ሥላ አታውቅም። አሁን ብትጀምር አይረፍድባትም?

መ፦ ምንም አይረፍድባትም። ግራንድማ ሞዝስ በሚል ስም የምትታወቀው አሜሪካዊት ሠዓሊ በ1860 ተወልዳ ብሩሽ በቁም ነገር ያነሳችው ወደ 80 ስትጠጋ ነው። ጥልፍ ትወድ ነበር። ቁርጥማት መርፌ መያዝ ቢከለክላት ወደ ቀለም ዞረች። 101 ዓመት ኖራለች።

እናትሽ ግን ዝነኛ መሆን አይጠበቅባትም። ብዙ አረጋውያን ምን እንደሚበሉ፣ መቼ እንደሚተኙ ሌላ ሰው ይወስንላቸዋል። ወረቀቱ ላይ አዛዧ እሷ ናት። ዛሬ ያልጨረሰችው ስዕልም ነገ ይጠብቃታል። ብቻ ባዶ ወረቀት ሰጥተሽ «የፈለግሽውን ሣዪ» እንዳትያት፤ ጀማሪ ይደነግጣል። አንድ ኩባያ ፊቷ አስቀምጪና ጥላው በየት በኩል እንደወደቀ ጠይቂያት።

ጥ፦ ይሄ በጥናት የተደገፈ ነው ወይስ ማጽናኛ ወሬ?

መ፦ ጥናት አለው፤ ግን አናጋነው። ጂን ኮኸን የተባሉት የአረጋውያን የአእምሮ ሐኪም በ2001 አሜሪካ ውስጥ በጀመሩት ጥናት በባለሙያ በሚመራ ዝማሬ የተሳተፉ አረጋውያን ካልተሳተፉት ጋር ተነጻጸሩ። አማካይ ዕድሜያቸው 80 አካባቢ ነበር። ዘማሪዎቹ ሐኪም ዘንድ የሄዱት፣ መድኃኒት የወሰዱትና የወደቁት ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

በ2019 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ 50 ዓመት የሞላቸውን ከ6,700 በላይ ሰዎች ለ14 ዓመት ያህል ተከታትሏል። ቢያንስ በየጥቂት ወሩ ቲያትር፣ ኮንሰርት ወይም ሙዚየም የሚሄዱት በዚያ ጊዜ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከማይሄዱት በ31 በመቶ ያነሰ ነበር። ግን ቲያትር የሚሄደው ቀድሞውኑ ጤና ያለውና ኑሮው የተሻለ ሰው ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎቹ ይህን ልዩነት በስሌት ለማጥራት ሞክረዋል፤ ቢሆንም እንዲህ ያለ ክትትል ብቻውን ምክንያቱን አያረጋግጥም።

እኔ የማምነው በአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ተደርጎ በ2018 የታተመውን የዝማሬ ጥናት ውጤት ነው። 60 ዓመት የሞላቸው 390 ሰዎች ተሳትፈውበታል። በ6 ወር ዝማሬ ብቸኝነት ቀነሰ፣ ለሕይወት ያላቸው ፍላጎት ጨመረ። በማስታወስ ችሎታና በአካል ብቃት ላይ ግን ግልጽ ለውጥ አልታየም። ስለዚህ «ከመርሳት በሽታ ያድናል» ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ። የብቸኝነት መቀነስ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ጥ፦ አባቴ የመርሳት በሽታ አለበት። ስሜን ይረሳል፤ የወጣትነቱን ዘፈን ግን ከነግጥሙ ይዘልቀዋል። እንዴት?

መ፦ የቆየ ዜማ አእምሮ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም። በሽታው ዘግይቶ የሚደርስባቸው ክፍሎችም ይይዙታል። በወጣትነት የሰማነው ደግሞ በተለይ ጠልቆ ይቀራል። ስለዚህ አብረኸው ዝፈን። ከመታጠቡ ወይም ልብስ ከመቀየሩ በፊት ብትጀምሩት ጭንቀቱን ሊያቀልለት ይችላል።

«ታስታውሳለህ?» የሚለውን ጥያቄ ግን ተወው። ለሱ ፈተና ነው፤ በወደቀ ቁጥር ያፍራል። አሜሪካዊቷ የቲያትር ባለሙያ አን ባስቲንግ በ1998 የጀመሩት ታይምስሊፕስ የተባለ ዘዴ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ ማስታወሱ ይቅር፣ እንፍጠር። ፎቶ ታሳያለህ፣ «እዚህ ምን እየሆነ ነው?» ትላለህ፣ የተባለውን ሁሉ ትጽፋለህ። ስህተት የሚባል መልስ የለም። አንዴ ሻንጣ ይዞ በባሕር ዳርቻ የቆመ ሰው ፎቶ አሳየሁ። ለሳምንታት ቃል ያልተነፈሱ እናት «ሻንጣው እኮ ባዶ ነው» አሉ። ሁሉም ወደሳቸው ዞረ። ለምን ባዶ ሆነ? ወዴት ሊሄድ ነው? ታሪኩ ከዚያ ቀጠለ።

ጥ፦ 68 ዓመቴ ነው። ጭፈራ እወዳለሁ፤ መውደቅ ግን እፈራለሁ።

መ፦ ወንበር ይደገፉ፤ ካስፈለገም ተቀምጠው ይጨፍሩ። ሙዚቃው ቀስ ያለ፣ ጫማዎ የማያንሸራትት ይሁን። የማዞር ስሜት ካለዎት ወይም በቅርቡ ወድቀው ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ። ጭፈራ ሚዛንን፣ እርምጃን፣ ትውስታንና ጆሮን ባንዴ ያሠራል። ለፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአእምሮ በሽታ) ሕሙማን የተዘጋጁ የዳንስ ክፍሎች ሳይቀር አሉ፤ በኒው ዮርክ ከተማ ብሩክሊን ውስጥ በ2001 የተጀመረው ይታወቃል።

ጥ፦ እጄ ይንቀጠቀጣል። ብሩሽ መያዝ አልቻልኩም።

መ፦ እጀታውን በስፖንጅ ወይም በጨርቅ ጠቅልለው ያወፍሩት። ወረቀቱን በፕላስተር ጠረጴዛው ላይ ይለጥፉት። ብሩሹ ካስቸገረ ወረቀት ቆርጦ መለጠፍም ሥነ ጥበብ ነው። ሠዓሊው ማቲስ በ1941 ከባድ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ ቆሞ መሥራት ሲከብደው መቀስ አነሳ፤ እስከሞተበት 1954 ድረስ ከታላላቅ ሥራዎቹ አንዳንዶቹን የሠራው ባለ ቀለም ወረቀት እየቆረጠ ነው።

ጥ፦ ሙዚቃ ማዳመጥ ብቻስ ይቆጠራል?

መ፦ ይቆጠራል። ከቻሉ ግን ያንጎራጉሩ።

ጥ፦ አባቴ «የልጅ ጨዋታ ነው» ብሎ እምቢ አለ።

መ፦ ምን አቀረባችሁለት? የሕፃናት ማቅለሚያ ደብተርና የሰም እርሳስ ከሆነ እውነቱን ነው። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል። ትልቅ ሰው ነው፤ ደህና ወረቀት፣ ደህና ቀለም፣ የሚያስተምር ባለሙያ ይገባዋል። ስዕል የግድም አይደለም። እንጨት መሥራት የሚወድ እንጨት ይሥራ፣ ግጥም የሚወድ ግጥም ያንብብ። ለልጅ ልጁ እንዲያስተምር ብትጠይቁት ደግሞ ቶሎ እሺ ሊል ይችላል። አሁንም እምቢ ካለ አትጨቅጭቁት፤ ከወር በኋላ በሌላ ነገር ሞክሩ።