ቀን የሚያልፍ ቴስት ሌሊት ለምን ይወድቃል?

ጥያቄው ከሐዋሳ ነው። ጠያቂው በሐይቁ ዳር ላሉ የእንግዳ ማረፊያዎች የክፍል መያዣ ዌብ አፕሊኬሽን ሠርተዋል። በጃቫስክሪፕትና በፕሌይራይት (ብሮውዘርን በራሱ እያንቀሳቀሰ በሚፈትሽ መሣሪያ) 40 ቴስት፣ ማለትም አፕሊኬሽኑ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ ጽፈው፣ ጊትሃብ አክሽንስ (ኮድን በተያዘለት ሰዓት በሌላ ማሽን የሚያስኬድ አገልግሎት) ላይ ሌሊት ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል እንዲሠራ አድርገዋል። «ቀን በላፕቶፔ ሳስኬደው ሁሉም ያልፋል። ሌሊት ግን "ለዛሬ ክፍል መያዝ" የሚለው ሁልጊዜ ይወድቃል። ሌሎች ሦስት ደግሞ አንዴ ያልፋሉ፣ አንዴ ይወድቃሉ» ይላሉ።

ሁልጊዜ በሚወድቀው እንጀምር፤ እሱ ይቀላል። የኛ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል በዩቲሲ (ከኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት) 21:30 ነው፤ እዚያ ቀኑ ገና አልተለወጠም። የላኩት ኮድ የዛሬን ቀን የሚያወጣው «ቱ አይኤስኦ ስትሪንግ» በሚለው ትእዛዝ ነው፤ ይህ ትእዛዝ ደግሞ ማሽኑ የትም ይሁን የት የዩቲሲን ቀን ነው የሚሰጠው። አፕሊኬሽንዎ ግን የአዲስ አበባን ሰዓት ይከተላል። ስለዚህ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ድረስ ቴስቱ «ዛሬ» ብሎ የሚሞላው የትናንትን ቀን ነው፤ አፕሊኬሽኑም ያለፈ ቀን አልቀበልም ይላል። በላፕቶፕዎም ቢሆን ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ቢያስኬዱት ይወድቃል።

ሰዓቱን ወደ ንጋት ማዛወር ቴስቱን ያሳልፈዋል፤ እባክዎ እሱን አያድርጉ። መጀመሪያ ያው ትእዛዝ በራሱ በአፕሊኬሽኑ ገጽ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ይፈልጉ። ካለ፣ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ስልኩን ከፍቶ ክፍል የሚይዝ ደንበኛም የትናንት ቀን ተሞልቶ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ቴስቱ እውነተኛ ስህተት ነግሮዎታል።

ማስተካከያው ይህ ነው። ቀኑን በ«ኢንትል ዴት ታይም ፎርማት» ያውጡ፤ ታይም ዞኑን አፍሪካ/አዲስ አበባ፣ ቋንቋውን ስዊድንኛ ይበሉት። ስዊድንኛ የሚመረጠው ቀኑን ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል ስለሚጽፍ ነው። በፕሌይራይት ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ «ታይምዞን አይዲ» የሚለውንም እንዲሁ ይሙሉ፤ ይህ ግን ብሮውዘሩን ብቻ ነው የሚነካው። ከዚያ ሰዓቱን ያቁሙት። ፕሌይራይት ከ1.45 ስሪት ጀምሮ «ሴት ፊክስድ ታይም» የሚል ትእዛዝ አለው፤ ገጹ ከመከፈቱ በፊት ይጥሩት። ሰርቨሩ ይህን አያውቅም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሰርቨሩ «አሁን ስንት ሰዓት ነው» የሚለውን ከአንድ ፈንክሽን ብቻ እንዲጠይቅ ያድርጉና፣ በቴስት ጊዜ ያ ፈንክሽን እርስዎ የሰጡትን ሰዓት ይመልስ። አንዱን ቴስት በእኩለ ቀን፣ አንዱን ሆን ብለው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አቁመው ያስኬዱ።

ከዚያ በፊት ግን የማረፊያውን ባለቤት አንድ ነገር ይጠይቁ፤ ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የደረሰ እንግዳ ሂሳቡ የዓርብ ነው የቅዳሜ? መልሱን የሚያውቀው እንግዳ የሚቀበለው ሰው ነው። ቴስቱ በእሱ መልስ መሠረት ይጻፍ።

ገጹ ቀኑን በኛ አቆጣጠር ስለሚያሳይ፣ ቅየራው ያለ ብሮውዘር በዩኒት ቴስት (አንድን ትንሽ የኮድ ክፍል ለብቻው በሚፈትሽ ቴስት) ይፈተሽ። በሰከንድ ውስጥ ያልቃል። እነዚህን ቀኖች ያስገቡ፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። የገብርኤል ንግሥ ቀን ታኅሣሥ 19 በ2016 ዲሴምበር 29፣ በ2017 ዲሴምበር 28 ላይ ውሏል። ልዩነቱን ቋሚ አድርጎ የሚደምር ኮድ እዚህ ላይ ይጋለጣል። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ሲገባለት «የለም» ማለት አለበት፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ግን አለ። ለማመሳከር ጃቫስክሪፕት ራሱ «ኢትዮፒክ» የሚል ካላንደር አለው። የፍቼ ጫምባላላን ቀን ግን ኮድ አያሰላውም፤ የሚወስኑት ሰማይ የሚያነቡት አያንቶዎች ናቸው። የበዓሉን ዋጋ ከሠንጠረዥ ያንብቡ፤ ቴስቱም የራሱን ሠንጠረዥ ይያዝ።

አንዴ እያለፉ አንዴ የሚወድቁት ሦስቱ ሁለት ምክንያት አላቸው። አንደኛው «2 ሰከንድ ጠብቅ» የሚለው መስመር ነው። ያጥፉትና በምትኩ የሚፈልጉት ጽሑፍ መታየቱን በ«ኤክስፔክት» ይጠይቁ፤ እስከ 5 ሰከንድ ድረስ ራሱ እየደጋገመ ያያል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ሁለት ቴስቶች ክፍል ቁጥር 3ን ይይዛሉ። ፕሌይራይት ፋይሎችን ጎን ለጎን ስለሚያስኬድ፣ ቀድሞ የደረሰው ያዘው፣ ሌላው «ተይዟል» ተባለ። እያንዳንዱ ቴስት የራሱን ክፍልና የራሱን እንግዳ ዳታቤዝ ውስጥ ፈጥሮ ይጀምር። የወደቀ ቴስት በድጋሚ የሚሞከርበትን ብዛት 1 አድርገው፣ «ትሬስ» (ቴስቱ ደረጃ በደረጃ ያለፈበትን የሚይዝ መዝገብ) በመጀመሪያው ድጋሚ ላይ እንዲቀረጽ ያዙ። በድጋሚ ያለፈውን ቴስት ግን አልፏል ብለው አይተዉት፤ ትሬሱን ከፍተው ገጹ በዚያች ቅጽበት ምን ያሳይ እንደነበር ይመልከቱ።

ከ40ዎቹ ውስጥ በብሮውዘር መቆየት ያለባቸው ከ10 አይበልጡም፤ መግባት፣ ክፍል መፈለግ፣ መያዝ፣ መክፈል፣ መሰረዝና የመሳሰሉት። የቀሩት ወደ ዩኒት ቴስት ይውረዱ። ክፍያውን በእውነተኛ ቴሌብር ወይም ባንክ አይሞክሩ፤ ምላሹን የሚመልስ የራስዎን አስመሳይ ሰርቨር ያቁሙ። ያው የክፍያ ማረጋገጫ ሁለት ጊዜ ሲመጣም ገንዘቡ አንዴ፣ ክፍሉም አንዴ ብቻ መመዝገቡን የሚያይ ቴስት ይጨምሩ፤ ከላኩት ውስጥ ይህ የለም።