«ሌላው ሁሉ ድኖ እኔ ብቻ ቀረሁ?»

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 63 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ፓርኪንሰን እንዳለበት ከተነገረን ሦስት ዓመት ሊሆነን ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ደብተር ይዤ የዳኑ ወይም በሽታው ያልጠናባቸው ሰዎችን ታሪክ እሰበስባለሁ። ጠበል ገብቶ የተፈወሰ፣ ባቄላ በልቶ እጁ የረጋለት፣ ሃያ ዓመት ከበሽታው ጋር ሱቁን የሚሠራ፤ ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ የሰማሁትን ሁሉ ጽፌ ማታ ማታ አነብለታለሁ። ባለፈው ሰሞን ደብተሩን ነጥቆኝ መሬት ላይ ጣለውና «ሌላው ሁሉ ድኖ እኔ ብቻ ቀረሁ ነው የምትይኝ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አያጫውተኝም፤ ፊቱም አይፈታም። ትልቁ ልጃችን ደግሞ መድኃኒቱን አቁሞ ሁለት ሱባኤ ጠበል ይጠመቅ እያለ ነው። ደብተሩን ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብተሩን አይተዉት። አነባበቡ ግን መለወጥ አለበት። ከዚያ በፊት በጥድፊያ ያለፉት «ፊቱም አይፈታም» የሚለው ነገር አሳስቦኛልና ከእሱ ልጀምር።

ፓርኪንሰን እጅ ብቻ አያንቀጠቅጥም። የፊት ጡንቻንም ያደርቃል፤ ዓይን እንደ ድሮው አይርገበገብም፣ ፈገግታ ይዘገያል ወይም ጭራሽ ሳይታይ ይቀራል፣ ድምፅም ይሰልላል። ሰውየው ልቡ ስቆ ፊቱ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ብዙ ትዳር የሚቀዘቅዘው በዚህ ነው፤ ሚስት «ጠላኝ» ትላለች፣ ባል ደግሞ ለምን እንደራቀችው አይገባውም። ስለዚህ ከፊቱ ለማንበብ አይሞክሩ፤ በአፍዎ ይጠይቁት፣ እሱም በአፉ ይመልስልዎ። ዝምታው ከቀጠለ፣ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ከተበላሸ፣ ይወደው የነበረው ነገር ሁሉ ከሰለቸው ግን ለሐኪሙ ይንገሩ። ድብርት ከዚህ በሽታ ጋር በብዙ ሰው ላይ አብሮ ይመጣል። በሽታው ራሱ አእምሮ ውስጥ ከሚያመጣው ለውጥም የሚነሳ ስለሆነ የእምነት ማነስም የጠባይ ችግርም አይደለም፤ ሕክምናም አለው።

ወደ ደብተሩ ስንመለስ፣ እርስዎ የተስፋ ታሪክ ሲያነቡ ለእሱ የሚሰማው የፈተና ውጤት ነው። እነ እገሌ አለፉ፣ እሱ ወደቀ። ጠበል ያዳነው ሰው ሲነሳ «እምነቴ አንሶ ነው»፣ በእግሩ ሄዶ የተሻለው ሲነሳ «ሰንፌ ነው» ማለቱ አይቀርም። ይህን በየማታው ሦስት ዓመት መስማት ከባድ ነው። እርስዎ ደግሞ ይህን ሁሉ ያደረጉት ወደውት፣ እንዳያጡትም ፈርተው ነው። በደብዳቤዎ ውስጥ ግን ስለ ፍርሃትዎ አንድም መስመር አላገኘሁም። የሰው ታሪክ በየማታው ሲነበብ «ብትወድቅብኝስ? ነገ ማን ያግዘኛል? ጡረታው ይበቃናል?» የሚለው የሁለታችሁ ወሬ ቦታ ያጣ ይመስለኛል። አንድ ማታ ደብተሩን ሳይከፍቱ «እኔም እፈራለሁ» ይበሉት። ጽናት ብቻ በሚታይባት ሚስት ፊት ባል የራሱን ፍርሃት ለመናገር ያፍራል።

ከዚያ በኋላ ደብተሩን ለእሱ ይስጡት። አራሚ አይደል? ይረመው። ያልተጣራ ነገር ሲያነቡለት የኖረ ሙያው ራሱ ሳይቆጣ አልቀረም ብዬ እገምታለሁ። የእጅ ጽሑፉ ጠቦና ተሰብስቦ አስቸግሮት ከሆነ (ይህም የበሽታው ምልክት ነው) እሱ ይናገር፣ እርስዎ ይጻፉ።

ዳነ የተባለውን ሰው ታሪክ ሲይዝ መጀመሪያ ይጠይቅ፦ በሽታውን ፓርኪንሰን ያለው ማን ነው? መንቀጥቀጥ ሁሉ ፓርኪንሰን አይደለም። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል፣ ማስታወክን ለማስቆም የሚሰጠው ፕላሲል፣ ፓርኪንሰን የሚመስል ዝግታና መንቀጥቀጥ ሊያመጡ ይችላሉ፤ መድኃኒቱ በሐኪም ሲቋረጥ ብዙዎቹ ከጊዜ በኋላ ይድናሉ። የዚያ ሰው መዳን እውነት ነው፣ በሽታው ግን የባለቤትዎ በሽታ አልነበረም። ቀጥሎ፣ ሰውየው ሌቮዶፓ የሚባለውን ዋናውን የፓርኪንሰን መድኃኒት ይወስድ ነበር ወይ? ይህ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ሰው ላይ ደህና ይሠራል፤ ጠዋት ክኒኑን ውጦ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያዩት ሰው የዳነ ይመስላል፤ ኃይሉ ሲያልቅ ቢያገኙት ሌላ ታሪክ ይጽፉ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላስ እንዴት ሆነ? ያልተሻለው ሰው ወረፋ ላይ ቆሞ ታሪኩን አያወራምና ይህ ጥያቄ መዘለል የለበትም።

ተስፋ ራሱ ሰውነት ውስጥ ሥራ እንደሚሠራም ይወቅ። እ.ኤ.አ. በ2001 ካናዳ ውስጥ በተሠራ ጥናት፣ ምንም መድኃኒት የሌለው ነገር መድኃኒት ነው ብለው የወሰዱ የፓርኪንሰን ሕሙማን አእምሮ ውስጥ ዶፓሚን (በዚህ በሽታ የሚያንሰው የአእምሮ ንጥረ ነገር) ሲጨምር በምርመራ ታይቷል። ስለዚህ «ተሻለኝ» ያለ ሰው ዋሸ አይባልም። ለውጡ ይቆያል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ባቄላውም መሠረት አለው፤ ሌቮዶፓ በውስጡ አለ። ነገር ግን መጠኑ ከእህል እህል ይለያያል፤ በክኒኑ ላይ በዘፈቀደ ሲጨመር ከልክ በላይ ሊሆን ይችላል። ሥጋና ጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ደግሞ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይሻማዋልና፣ ክኒኑ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይወሰድ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ከሰበሰቧቸው ሁሉ እኔን የማረከኝ ባለሱቁ ነው። በሽታው ከሰው ሰው በጣም ይለያያል። መንቀጥቀጡ የሚበረታባቸው ሰዎች መራመድና ሚዛን ላይ ከሚቸገሩት ይልቅ ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚሄድባቸው። መሐመድ አሊ በሽታው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ነበር፤ በ1996 የአትላንታን ኦሊምፒክ ችቦ እጁ እየተንቀጠቀጠ ለኮሰ፣ እስከ 2016ም ኖረ። በሽታውን የሚያድን ወይም የሚያቆም መድኃኒት እስካሁን የለም። ስፖርት ግን ይረዳል፦ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ገና መድኃኒት ካልጀመሩ 128 ሕሙማን መካከል ልብን በሚያስመታ ፍጥነት በመሮጫ ማሽን ላይ የተራመዱት፣ በስድስት ወር ውስጥ የእንቅስቃሴ ምልክታቸው እምብዛም አልባሰም፤ ስፖርት ያልሠሩት ግን ባሰባቸው። ልቡን ሐኪም ካየለት፣ መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ባለው ሰፊው አዲስ የእግረኛ መንገድ አብራችሁ ፈጠን እያላችሁ ሂዱ።

ባለሱቁን ካገኙት ምን እንደወሰደ ብቻ አይጠይቁት። ሱቁን ጠዋት ማን ይከፍትለታል? ሸሚዙን ማን ይቆልፍለታል? ዝርዝር ሳንቲም ሲቆጥር ደንበኛ ሲያፈጥበት ምን ይላል? ከሚስቱ ጋር በምን ይጣላሉ? ለባለቤትዎ ሊጠቅም የሚችለው የዚህ መልስ ነው፤ ደግሞም ማንንም ከማንም አያወዳድርም። አዲስ አበባ ውስጥ የፓርኪንሰን ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው የሚረዳዱበት ድርጅት አለ። እንደ እርስዎ ያሉ አስታማሚ ሚስቶችን እዚያ ያገኛሉ፣ ለእርስዎም ያስፈልግዎታል።

ስለ ልጅዎ ጠንከር ብዬ ልናገር። ሌቮዶፓ በድንገት አይቆምም። ሲቆም ሰውነት ሊገተር፣ ከፍተኛ ትኩሳት ሊመጣ፣ አእምሮ ሊስት፣ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። ጠበሉን አልቃወምም፤ ሊያጽናናው ይችላል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በአደባባይ አስተምረዋል። ለባለቤትዎ መድኃኒትም ነገሩ ያው ነው። የንስሐ አባታችሁን ያማክሩ፤ ሱባኤ ከገባም ክኒኑ በሰዓቱ ይዋጥ፣ ቀዝቃዛ ጠበል ውስጥ ሲገባ እንዳይወድቅ ሰው ይያዘው። ልጅዎን አይቆጡት፣ እሱም እንደ እርስዎ ፈርቶ ነው። በሚቀጥለው የነርቭ ሐኪም ቀጠሮ አብሯችሁ ይሂድና «መድኃኒቱን ብናቆምስ?» የሚለውን ጥያቄ አባቱ ባለበት ራሱ ይጠይቅ።