ለጉዞ ወይስ ለቤት? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ ተቆጥቦ የተጠራቀመውን ገንዘብ ለጉዞ እናውለው ወይስ ቤታችንን እናሻሽልበት የሚል። ሁሉንም ለማስተናገድ ቦታው ስለማይበቃ ጥቂቶቹን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ገንዘብ ስናጠራቅም ቆይተናል። እሱ ዕቃ ለዓመታት ያገለግላል፣ ጉዞ ግን በሳምንት ያልቃል ብሎ የሳሎኑን ሶፋና ቴሌቪዥን እንድንቀይር ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ልጆቹን ይዘን አይተነው የማናውቀውን አገር እንድናይ እመኛለሁ። የማንኛችን ሐሳብ ይሻላል?

መልስ፦ የባለቤትዎ ስሌት የሚያሳምን ቢመስልም፣ ዕቃው ስለቆየ ደስታውም አብሮት ይቆያል ማለት አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሊፍ ቫን ቦቨንና ቶማስ ጊሎቪች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት የተጠየቁት ሰዎች በአብዛኛው ዕቃ ከገዙበት ገንዘብ ይልቅ አንድ ነገር ለማየትና ለማድረግ ያወጡት የበለጠ እንዳስደሰታቸው ተናግረዋል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። አዲስ ሶፋ በገባበት ሳምንት የቤቱ ሰው ሁሉ እየተፈራረቀ ይቀመጥበታል፣ ጨርቁን ይዳስሳል፣ ልጆቹ በጫማ እንዳይወጡበት ይቆጣል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ያው መቀመጫ ነውና ማንም ልብ አይለውም። ጉዞ ግን ካለቀ በኋላ ወግ ይሆናል፤ መንገድ ጠፍቷችሁ ስትንከራተቱ የዋላችሁበት ቀን እንኳ፣ በሰዓቱ ቢያናድድም፣ ልጆቹ ካደጉ በኋላ እየተሳሳቁ የሚያነሡት ይሆናል። በዚያ ላይ ሶፋችሁን ጎረቤት ከገዛው ሶፋ ጋር ማወዳደር ቀላል ነው፤ ከልጆቻችሁ ጋር ያሳለፋችሁትን ሳምንት ግን ከማንም ጋር አታወዳድሩትም። ስለዚህ አሁን ያለው ሶፋ የሚያስቀምጥ ከሆነ እኔ ከእርስዎ ጋር ነኝ።

ጥያቄ፦ ለረጅም ጊዜ ለተመኘሁት ጉዞ የሚበቃ ገንዘብ አለኝ። ይሁን እንጂ ፍራሼ መሐሉ ስለጎደጎደ ጠዋት ጠዋት ወገቤን ይዤ ነው የምነሣው፤ መኝታ ቤቴም መንገድ ዳር ስለሆነ ሌሊት በመኪና ድምፅ እነቃለሁ። ወዳጆቼ «ፍራሹ ይደረስበታል፣ አሁን ሂድ» ይሉኛል።

መልስ፦ ወዳጆችዎ ለእርስዎ አስበው የተናገሩት ቢሆንም ምክራቸውን አልቀበለውም። ሰው ቶሎ የሚለምደው ደኅና የነበረ ነገር ሲሻሻልለት ነው፤ በየቀኑ የሚያሠቃየውን፣ በተለይም እንቅልፍ የሚነሣውን ድምፅ፣ እንዲህ በቀላሉ አይለምደውም። የዓለም ጤና ድርጅትም የመንገድ ጫጫታን ከእንቅልፍ መታወክና ከልብ ሕመም ጋር አያይዞ ያስጠነቅቃል። የእንቅልፍ ሐኪሞች ለአዋቂ ሰው ቢያንስ የ7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል ይላሉ፤ እርስዎም በዚህ ልክ ቢተኙ በዓመት ከ2,500 ሰዓት በላይ የሚያሳልፉት በዚያ በጎደጎደ ፍራሽ ላይ ነው። ይህን ከጉዞው ርዝመት ጋር ሲያስተያዩት የትኛው መቅደም እንዳለበት ግልጽ ይመስለኛል።

ሲገዙም ለወገብ የሚበጀው እጅግ ጠንካራው ፍራሽ ነው የሚለውን የቆየ እምነት አይከተሉ። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ጥናት፣ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ካለባቸው 313 ሰዎች መካከል የተሻለ ለውጥ ያዩት መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ የተሰጣቸው ናቸው። ድምፁን በተመለከተ፣ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ድምፅም ስለሚያስገባ፣ መስኮት ለማስቀየር ከመወሰንዎ በፊት በመስኮቱ ዙሪያ ያለውን ክፍተት በሚገባ ያስደፍኑ። ከመንገዱ ራቅ ያለ ክፍል ካለዎት ደግሞ አልጋውን ወደዚያ ማዛወር ምንም ወጪ የለውም። ፍራሹን ቀይረውም ሕመሙ ካልተሻለዎት ሐኪም ይመልከትዎት። ጉዞውን አንድ ዓመት ያቆዩት እንጂ አይተዉት።

ጥያቄ፦ ለጉዞ ብሎ መበደር ተገቢ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ወለዱ ጉዞውን ያስወድደዋል፤ ከተመለሱ በኋላም የየወሩ ክፍያ ከእያንዳንዱ ትዝታ ጋር አብሮ ይነሣል።

ጥያቄ፦ ብዙ ገንዘብ አውጥቼ ረጅም ጉዞ ሄድሁ። በተመለስሁ በሳምንቱ ግን ከነጭራሹ ያልሄድሁ ያህል ተሰማኝ። ገንዘቤን አባከንሁ?

መልስ፦ አላባከኑም፤ የተሰማዎትም የብዙ ሰው ስሜት ነው። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች 1,530 ሰዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ውጤት፣ ለዕረፍት የሚጓዙት ከማይጓዙት ይልቅ ደስተኞች የነበሩት ከጉዞው በፊት ነው። ከተመለሱ በኋላ፣ ዕረፍታቸው እጅግ ዘና ያለ ከነበረው በቀር፣ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ከዚህ ተነሥቼ በአንድ ረጅም ጉዞ ፈንታ ሁለት አጫጭር እንዲያቅዱ እመክራለሁ፤ የሚጠባበቁት ቀን ሁለት ጊዜ ይመጣልዎታልና። ፕሮግራሙንም ከልክ በላይ አያጭቁት።

መጨረሻውንም በተለይ ያስቡበት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ሙከራ፣ ተሳታፊዎች አንድ ጊዜ ለ60 ሰከንድ፣ ሌላ ጊዜ ለ90 ሰከንድ እጃቸውን በጣም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከሩ፤ በረጅሙ ሙከራ የመጨረሻዎቹ 30 ሰከንዶች ውኃው በጥቂቱ ሞቅ ተደርጎ ነበር። የትኛው ይደገምላችሁ ሲባሉ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ፤ ትዝታ የሚያመዝነው ከርዝመት ይልቅ አጨራረስን ነውና። ስለዚህ ገንዘቡን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጨርሰው የመጨረሻውን ቀን በጥድፊያና በድካም አያሳልፉት፤ ወደ ሥራ ከመግባትዎ በፊትም አንድ ቀን ቤትዎ ይረፉ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ልጆቼ ዓለምን እይ እያሉ ይወተውቱኛል። እኔ ግን ጉዞ አልወድም፤ የምወደው ቤቴ ተቀምጬ ማንበብ ነው። እየተሳሳትሁ ነው?

መልስ፦ በፍጹም። ከላይ የጠቀስኋቸው ጥናቶች የሚናገሩት ስለ ብዙ ሰዎች አማካይ እንጂ ስለ እርስዎ አይደለም። ከዚህም በላይ ዕቃ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ እንደ መጽሐፍና የሙዚቃ መሣሪያ ያለ፣ ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግበት የሚገዛ ዕቃ፣ የሚሰጠው ደስታ ከጉዞ የማያንስ መሆኑን ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ልጆችዎ ለጉዞ ያሰቡልዎትን ገንዘብ ለመጻሕፍትና ለሚመች የንባብ ወንበር እንዲያደርጉልዎት በግልጽ ይንገሯቸው። ዕድሜ ሲገፋ ዓይን ተጨማሪ ብርሃን ስለሚፈልግ ግን፣ ከወንበሩ በፊት ከትከሻዎ በላይ ሆኖ ገጹን የሚያበራ ጥሩ የንባብ መብራት ይግዙ።