ከዲሲ እስከ ማውንት ቨርነን በኢ-ባይክ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አየሩ ስለተስተካከለ ያለ አስጎብኚ በኤሌክትሪክ ሳይክል ማውንት ቨርነን ደርሶ ለመመለስ የምታስቡ ብዙ ናችሁ። መንገዱን በደንብ አውቀዋለሁ፣ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። ለማያውቁት፦ ማውንት ቨርነን ትሬይል (የእግረኛና የሳይክል መንገድ ነው) የፖቶማክን ወንዝ ይዞ በቨርጂኒያ በኩል ይወርዳል። ከቴዎዶር ሩዝቬልት ደሴት እስከ ማውንት ቨርነን፣ ማለትም እስከ ጆርጅ ዋሽንግተን ቤት፣ 18 ማይል ነው።

ጥያቄ፦ ስገዛው «እስከ 50 ማይል ይሄዳል» ብለውኛል። ለደርሶ መልስ ይበቃኛል አይደል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እሱን እርሳው። ያ ቁጥር የሚሠራው ቀላል ሰው፣ ሜዳ መንገድና ዝቅተኛ የሞተር እርዳታ ሲገጣጠሙ ነው። ባትሪህ ላይ የተጻፈውን ቮልት በአምፒር አወሩ አባዛው። 48 ቮልትና 10 አምፒር አወር ከሆነ ባትሪህ የሚይዘው ኃይል 480 ዋት አወር ነው ማለት ነው። እኔ ሞተሩ ብዙ ሲያግዝ ለአንድ ማይል 20 ዋት አወር እይዛለሁ፤ ፔዳሉን ራስህ እየመታህ በትንሹ እርዳታ ከሄድክ ወደ 12 ይወርዳል። እንግዲህ ደርሶ መልሱ 36 ማይል በ20 ሲባዛ 720 ነው፣ አይበቃህም። በ12 ከሆነ 432 ነው፣ ለጥቂት ያደርስሃል። ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ ግን ይሄም ይፈርሳል። ስለዚህ ኦልድ ታውን አሌክሳንድሪያ ስትደርስ ባትሪህን እይ። የመሄጃው ግማሽ ግድም ስለሆነ ቢያንስ 75 በመቶ ሊቀርህ ይገባል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ወይ እርዳታውን ቀንስ ወይ እዚያው ተመለስ። ትሬይሉ አብዛኛው ሜዳ ነው፣ ዳገቱ የሚጠብቅህ መጨረሻው ማይል ላይ፣ ባትሪው ሲዳከም ነው።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ባትሪ ቢያልቅብኝ በሜትሮ መመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ ማውንት ቨርነን ሜትሮ የለም። የሚቀርብህ የቢጫው መስመር መጨረሻ ሀንቲንግተን ነው፣ እሱም ወደ አሌክሳንድሪያ ተመልሰህ ነው የምታገኘው። ሳይክል በማንኛውም ሰዓት ይፈቀዳል። በአሳንሰር ውረድ እንጂ በኤስካሌተር አትሞክር፤ ባቡሩ ላይ በመሃለኛው በር አትግባ።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአገር ቤት መጥታለች፣ 60 አልፏታል። ሳይክል ከነዳች ዘመን የላትም፣ ግን ካልሄድኩ ብላለች። ይዣት ልውጣ?

መልስ፦ ውጪ እህቴ፣ ደስ ይላታል! ግን ከዲሲ አትነሱ። በሬገን ኤርፖርት በኩል ያለው ክፍል ጠባብ ነው፣ ቅዳሜ ደግሞ ሯጩም፣ የሕፃን ጋሪ የሚገፋውም፣ «ኦን ዩር ሌፍት» (በግራህ ላልፍ ነው) እያለ የሚያልፈው ፈጣኑም እዚያው ነው። መኪናችሁን ከአሌክሳንድሪያ ዝቅ ብሎ ቤል ሄቨን ፓርክ አቁሙና ወደ ደቡብ ንዱ። ከዚያ በፊት ግን ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ሞተሩ ጠፍቶ ትለማመድ። ብዙዎቹ ኢ-ባይኮች ከ50 ፓውንድ በላይ ናቸው፣ ሞተሩ በርቶ ፔዳሉ ሲነካ ደግሞ ድንገት ይስባሉ። ኮርቻው ላይ ተቀምጣ ሁለት እግሯ መሬት ካልደረሰ ኮርቻውን ዝቅ አድርጊላት። ስትቆምም ፍሬኑን እንዳትለቅ ንገሪያት። ዝናብ የዘነበ ዕለት ግን ይቅርባችሁ፤ መንገዱ ላይ የእንጨት ድልድዮች አሉ፣ ሲረጥቡ ክፉኛ ያንሸራትታሉ።

ጥያቄ፦ የእኔ ትሮትል (ሞተሩን በእጅ መስጫ) አለው። ፔዳል ሳልመታ ብሄድ ማን ይጠይቀኛል?

መልስ፦ ትሬይሉን የሚያስተዳድረው የብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ነው። ደንባቸው ፔዳል ሳይመቱ በሞተር ብቻ ረጅም መንገድ መንዳትን ይከለክላል። ከሕጉም በላይ፣ እዚያ ጠባብ ጥግ ላይ ሕፃን ሊወጣብህ ይችላል። እባክህ ሰው ባለበት ዝግ በል፣ ደወል ይኑርህ።

ጥያቄ፦ ጎማ ቢተነፍስስ?

መልስ፦ ፓምፕ፣ መለጠፊያና ጎማ መፈልቀቂያ ያዝ። ሞተሩ የኋላው ጎማ ውስጥ ከሆነ ገመድ ስላለው ጎማውን ለመንቀል አትታገል። ሳይክሉን ገልብጠህ ጎማውን በአንድ ጎን ብቻ ፈልቅቅ፣ ከመነዳሪውን ጎትተህ አውጣና ቀዳዳውን ለጥፈህ መልሰው። የወጋህን ነገር ከጎማው ውስጥ ሳትነቅል እንዳትዘጋው።

ጥያቄ፦ እዚያ ደርሰን ምን እናያለን? የፆም ምሳስ ይገኛል?

መልስ፦ ምሳችሁን ቋጥራችሁ ውጡ፣ ደረቅ ፍርፍር ለመንገድ ይመቻል። ፎርት ሀንት ፓርክ አረፍ ብሎ ለመብላት ጥሩ ነው። ማውንት ቨርነን ግቢ ውስጥ ለመግባት ትኬት ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ ቤቱን አይቶ ይመለሳል፣ እናንተ ግን የባሮቹን መካነ መቃብር ሳታዩ አትውጡ። ዋሽንግተን በ1799 ሲሞት እዚያ ቦታ በባርነት የተያዙት ሰዎች ከ300 በላይ ነበሩ። በ1983 የቆመውን መታሰቢያ የነደፉት የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ልጆች ካሏችሁ እዚያ ቆም ብላችሁ አስረዷቸው።

ጥያቄ፦ መመለሱ ነው የሚያስፈራኝ። ሌላ መንገድ የለም?

መልስ፦ አለ። ደብሊው ኤንድ ኦዲ ትሬይል ከሸርሊንግተን ተነስቶ እስከ ፐርስልቪል 45 ማይል ነው፣ በድሮ የባቡር ሐዲድ ላይ ስለተሠራ ዳገቱ ለስላሳ ነው። ሬስተን ድረስ 18 ማይል ገደማ ንዳ፣ ዊሊ-ሬስተን ኢስት የሜትሮ ጣቢያ ከትሬይሉ ቅርብ ነው። ከዚያ በሲልቨር መስመር ትመለሳለህ።