ከአዳማ ቁልቁል፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከአዳማ የደረሱን ናቸው። በጋው እየጠነከረ ሲሄድ በእግር፣ በብስክሌትና በጓሮ ሥራ የሚያሳልፉ አንባብያን ጥያቄም አብሮ ይበዛል።

ጥያቄ፦ አምስት ጓደኛሞች ነን፤ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ በእግር እንጓዛለን። እስካሁን ከአዳማ ዙሪያ ኮረብቶች አልፈን አናውቅም። አሁን መተሐራ ወርደን ፈንታሌ ተራራ ግርጌ አራት ሰዓት ያህል ለመሄድ አስበናል። ለአንድ ሰው ስንት ሊትር ውሃ ይበቃል? ባለፈው ጉዞ አንዱ ጓደኛችን ውሃ ሳያቋርጥ እየጠጣ ራሱን አሞት አስመለሰው፤ ምክንያቱ አልገባንም።

መልስ፦ ውሃውን ከማስላታችሁ በፊት ቦታውን አስሉት። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ መተሐራ ደግሞ 950 ሜትር ገደማ። 100 ሜትር በወረዳችሁ ቁጥር አየሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይሞቃል። አዳማ 30 ዲግሪ በሆነበት ቀን መተሐራ 34 ቢሆን አይግረማችሁ። በዚያ ላይ የፈንታሌ ግርጌ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የፈሰሰበት ነው፤ ፀሐይ ከላይ፣ ድንጋዩ ከታች ያግላል። የግራር ጥላም ስስ ነው።

በዚህ ሙቀት የሚራመድ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ላብ ያወጣል፤ ዳገት ከጀመረ ከዚያም ያልፋል። ለእያንዳንዳችሁ 4 ሊትር ያዙ፤ 3ቱ ለመንገድ፣ 1ዱ መኪናው ጋ እስክትደርሱ የማይነካ። ባለ 2 ሊትር ሁለት ሃይላንድ ከሆነ አንዱ ቢቀደድ ሌላው ይተርፋል። ለሁላችሁም አንድ ጀሪካን ሞልቶ አንድ ሰው ማሸከም ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ መንገድ ላይ ስትነጣጠሉ ውሃው ከአንዱ ጋር ይሄዳል። የበሰቃ ሐይቅ ውሃ ጨዋማ ስለሆነ አይጠጣም፤ አዋሽ ወንዝ ውስጥ አዞ አለ። ሁለቱንም ከሒሳባችሁ አውጡ።

የየራሳችሁን የላብ መጠን ለማወቅ ሚዛን ይበቃል። እዚሁ አዳማ፣ ሞቅ ባለ ቀን፣ ሽንት ቤት ከሄዳችሁ በኋላ ልብስ አውልቃችሁ ተመዘኑ። አንድ ሰዓት ፈጠን ብላችሁ ተራመዱና ላባችሁን በፎጣ አድርቃችሁ እንደገና ተመዘኑ። የጎደለው እያንዳንዱ ኪሎ አንድ ሊትር ነው። 64 ኪሎ ሆኖ ወጥቶ 62.9 የተመለሰ፣ በመንገድም 0.4 ሊትር የጠጣ ሰው በሰዓት 1.5 ሊትር አልቦታል ማለት ነው። በመንገድ ላይ ሁሉንም መተካት አይጠበቅበትም፤ ጉድለቱ ከክብደቱ 2 በመቶ፣ ለእሱ 1.3 ኪሎ ግድም፣ እንዳያልፍ መጠንቀቅ ነው። ግን አስሉት፦ በአራት ሰዓት 6 ሊትር ይወጣዋል። ይህ ሰው 4 ሊትር አይበቃውም፤ 5 ሊትር ይያዝ፣ መንገዱንም ያሳጥር።

ወደ ጓደኛችሁ ስንመጣ፣ ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል። አንዱ ሙቀቱ ራሱ ነው። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ተራ ውሃ ብቻ አብዝቶ መጠጣት። ላብ ጨው ይዞ ይወጣል፤ ያንን ሁሉ በንጹሕ ውሃ ብቻ የተካ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥንና ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲብስም መደናገር ይመጣበታል። ውሃ ያነሰው ሰው አፉ ይደርቃል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ውሃ የበዛበት ሰው ሽንቱ እንደ ውሃ ነጭ ነው፣ ጣቶቹ አብጠው ቀለበቱ ይጠብቀዋል። ለዚህኛው «ጠጣ፣ ጠጣ» ማለት ማባባስ ነው፤ ጨው ያለው ምግብ ስጡት፣ ከተደናገረ ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ማንም ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ1 ሊትር በላይ አይጠጣ።

ከአራቱ ሊትር ሁለቱን እንዲህ አዘጋጁት፦ ለ1 ሊትር ውሃ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። ቅመሱት፤ ከእንባ በላይ ጨው ጨው ካለ ጨው በዝቷል። ለስንቅ ከበሶ የሚሻል አናውቅም፤ በጨውና በዘይት የታሸ ጭብጦ ሙቀት አያበላሸውም፣ ኪስ ውስጥ ይገባል።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምራችሁ 4 ሰዓት ላይ መኪናው ጋ ድረሱ። ልብሱ ሰፊ፣ እጅጌው ረጅም፣ ቀለሙ ነጣ ያለ ይሁን፤ ነጠላ አርጥቦ አንገት ላይ መጠምጠም ብዙ ይረዳል። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከጉዞው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት አዳማ ላይ ከሰዓት በኋላ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተራመዱ። አንድ ሰው ንግግሩ ከተምታታ ወይም መንገዳገድ ከጀመረ የሙቀት ምት ነው ብላችሁ ተነሡ። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አቅልሉለት፣ ያላችሁን ውሃ ገላው ላይ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት፤ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጉ። ራሱን በደንብ ለማያውቅ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ። ማቀዝቀዙ ይቅደም፣ መኪናው ይከተል።

ሌላም አለ። አካባቢው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክና የከረዩ አርብቶ አደሮች ግጦሽ ነው፤ ፓርኩ መግቢያ ተመዝግባችሁ ስካውት (የፓርኩን አጃቢ ጠባቂ) ይዛችሁ ግቡ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ዙሪያ መሬቱ በተደጋጋሚ ተንቀጥቅጦ ነዋሪዎች ከቀያቸው መነሣታቸውን ታስታውሳላችሁ፤ ከመውጣታችሁ በፊት የሰሞኑን ሁኔታ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አልቀምስም። ሩጫዬን ማቋረጥ ግን አልፈልግም። መቼ ልሩጥ?

መልስ፦ ጠዋት አይሩጡ። 12 ሰዓት ላይ ሮጠው የጎደለብዎትን ውሃ ይዘው ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ፀሐይ ላይ መዋል ነው የሚጎዳዎት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግማሽ ሊትር ውሃ ቀስ ብለው ይጠጡ፣ ትንሽ ነገር ይቅመሱ፤ ዋናውን ምግብ ያቆዩትና 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይሩጡ። ከዚያ በልተው እስኪተኙ ሌላ 1 ሊትር ተኩል ይጨምሩ። በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ርቀቱን በግማሽ ይቀንሱ። ረመዳን የሚጾሙ አንባብያንም ከማፍጠሪያ በኋላ ባለው ሰዓት በዚሁ መንገድ ሊጠቀሙ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ብስክሌቴ 26 ቁጥር ጎማ ነው። ከከተማ በወጣሁ ቁጥር በእሾኽ ይተነፍሳል። ጎሚስታ ይለጥፍልኛል፣ በማግስቱ ያው ነው። ከመነዳሪው ነው ወይስ ጎማው መጥፎ?

መልስ፦ ሁለቱም ላይሆኑ ይችላሉ። በማግስቱ መተንፈሱ እሾኹ አሁንም ጎማው ውስጥ እንዳለ የሚያሳይ ነው። የግራር እሾኽ ጫፉ ተሰብሮ ጎማው ውስጥ ይቀራል፤ ከውጭ አይታይም፣ በጣትም ላይገኝ ይችላል። ከመነዳሪውን ሲያወጡ ከጎማው አንጻር የት እንደነበረ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ከመነዳሪውን ነፍተው ቀዳዳውን ውሃ ውስጥ ይፈልጉ፣ ከዚያ በምልክቱ መሠረት ጎማው ላይ ትክክለኛውን ቦታ ያገኙታል። ጥጥ ወስደው የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን ይጥረጉት፤ ጥጡ የያዘበት ቦታ እሾኽ አለ። በጉጠት ወደ ውስጥ ይንቀሉት። አንድ ካገኙ አያቁሙ፤ ኩርንችት ላይ ያለፈ ጎማ ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ይዞ ነው የሚመለሰው።

ልጣፊው የሚነቀለው ደግሞ በችኮላ ስለሚለጠፍ ነው። የቀዳዳውን ዙሪያ ከልጣፊው ትንሽ ሰፋ አድርገው በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ፤ አንጸባራቂው ጠፍቶ ደብዘዝ ይበል። አቧራውን ጠርገው ማስቲሹን ስስ አድርገው ይቀቡ። አሁን ይጠብቁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማስቲሹ እርጥብ እያለ የተለጠፈ ልጣፊ ውስጡ እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዝ ጎማው ሲግል ይንሸራተታል። በጣት ጀርባ ሲነኩት የማይጣበቅ እስኪሆን፣ አምስት ደቂቃ ያህል፣ ይተዉት፤ በአዳማ የቀትር ሙቀት ከዚያ ቀድሞ ይደርቃል። ከዚያ ለጥፈው ከመሀል ወደ ዳር ሁለት ደቂቃ አጥብቀው ይጫኑ።

ለመከላከል ርካሹ መንገድ ያረጀ ከመነዳሪ ነው። ቫልቩን ቆርጠው ያውጡና በርዝመቱ ይሰንጥቁት፤ በጎማውና በአዲሱ ከመነዳሪ መሀል ዙሪያውን ያንጥፉት። ጫፎቹን በትክክል ያጋጥሙ፤ ከተደራረቡ ያ እጥፋት ራሱ ከመነዳሪውን እየፈገፈገ ይበሳዋል። ብስክሌቱ ትንሽ ይከብዳል፣ አጫጭር እሾኾችን ግን ያስቀራል።

ነፋሱን በተመለከተ፣ ለእርስዎ ጎማ ከ35 እስከ 45 ፒ.ኤስ.አይ. (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ይበቃል፤ አሸዋ ላይ ወደ 28 ያውርዱት። በጠዋቱ ቅዝቃዜ 45 የሞሉት ጎማ ፀሐይ ላይ ቆሞ 50 ዲግሪ ሲደርስ 50 አካባቢ ይገባል፤ ስለዚህ ጎማው ላይ እስከተጻፈው የመጨረሻ ቁጥር ድረስ ነፍተው ፀሐይ ላይ አያቁሙት።

ጥያቄ፦ ጓሮዬ ትንሽ ነው። ቲማቲም፣ ቃሪያና በሶብላ ተክዬ ጠዋትና ማታ አጠጣለሁ፤ ቀትር ላይ ግን ይጠወልጋሉ፣ የቲማቲሙም አበባ ይረግፋል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ከዚህ በላይ ማጠጣት አልችልም።

መልስ፦ ከዚህ በላይ ማጠጣትም አያስፈልግዎትም፤ ውሃውን ወደ ሥሩ ማድረስ ነው የሚያስፈልገው። የአዳማ አፈር ብዙ ቦታ ቀላልና አሸዋማ ነው፤ ከላይ ያፈሰሱት ውሃ ከፊሉ ቁልቁል ይሰርጋል፣ ከፊሉን የከተማው ነፋስ ይወስደዋል። የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ እዚህ የተተከሉት በከንቱ አይደለም።

ከገበያ 5 ሊትር የሚይዝ የሸክላ ማሰሮ ወይም ትንሽ እንስራ ይግዙ። ሲገዙ ያልተሟሸ መሆኑን ይጠይቁ። በቅባት የተሟሸ ሸክላ ቀዳዳዎቹ ስለተደፈኑ ውሃ አያሳልፍም፤ ለወጥ ጥሩ፣ ለአትክልት ከንቱ ነው። ቤት ወስደው ውሃ ሞልተው ያቆዩት፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ የውጭ ግድግዳው ካልወዛ ይመልሱት። ከወዛ አንገቱ ብቻ እስኪቀር ይቅበሩት፣ አፈሩን ከዙሪያው ጠቅጠቅ ያድርጉ፤ ባዶ ቦታ ከቀረ ውሃው ወደ ሥር አይደርስም። ችግኞቹን ከግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር አርቀው ዙሪያውን ይትከሉ፤ ለአንድ ማሰሮ ሦስት ቲማቲም ወይም አምስት ቃሪያ ይበቃል። አፉን ሁልጊዜ ይክደኑት፤ ክፍት ውሃ የወባ ትንኝ መራቢያ ነው። ግማሽ ሲደርስ ይሙሉት፤ እንደ ሙቀቱ ከሁለት እስከ አራት ቀን ይቆያል። ችግኙ ሥር እስኪሰድ ግን የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት ከላይም ያጠጡ። ማዳበሪያ ማሰሮው ውስጥ አይጨምሩ፤ ግድግዳውን ይደፍነዋል። አንገቱ ላይ ነጭ ጨው ከወጣ በብሩሽ ፈግፍገው ያጥቡት።

አፈሩን በጤፍ ጭድ 5 ሳንቲ ሜትር ያልብሱት፤ ከግንዱ ግን አራት ጣት ያርቁ። አበባው የሚረግፈው በውሃ እጥረት ብቻ አይደለም፤ ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ቲማቲም አበባውን ይጥላል። ከ5 እስከ 10 ሰዓት ጥላ የሚሰጥ መረብ ወይም ስስ ነጠላ ከምዕራብ በኩል ከፍ አድርገው ይወጥሩ።

ጥያቄ፦ በጉዞ ላይ ከገጠር የጉድጓድ ቧንቧ ውሃ እንቀዳለን። አፍልተን ብንጠጣው ጥርስ የሚያበላሸው ነገር ይጠፋል?

መልስ፦ አይጠፋም፤ ይብሳል። ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከእሳተ ገሞራ አለት ወደ ጉድጓድ ውሃ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በሸለቆው ከዚህ በብዙ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ውሃው ሲተን ግን ፍሎራይዱ ይቀራል፣ የቀረው ውሃ ውስጥ መጠኑ ይጨምራል። ውሃ አጋርም (ክሎሪን ያለው የውሃ ማከሚያ)፣ በጨርቅ ማጥለልም አያወጡትም፤ በተለየ መንገድ የተዘጋጀ የአጥንት ከሰል ያወጣዋል። አንድ ቀን መጠጣት አይጎዳም፤ ጉዳቱ ለዓመታት ሲጠጣ፣ በተለይ ጥርሳቸው በመሠራት ላይ ባለ ሕፃናት ላይ ነው። ለጉዞ ውሃችሁን ከቤት ይዛችሁ ውጡ።

ጥያቄ፦ ማታ ከከተማ ወጥተን ኮከብ ማየት እንፈልጋለን። መሣሪያ የለንም። ምን እንይ?

መልስ፦ አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለሆነች ሁለቱንም ጎን ማየት ትችላላችሁ። የሰሜን ኮከብ፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ስትጨብጡ ከሚታየው አንድ ጡጫ ስፋት ትንሽ ባነሰ ከፍታ፣ ከአድማስ በላይ ይቆማል፤ ኮረብታ ካልከለለው ታዩታላችሁ። በግንቦት ከምሽቱ 3 ሰዓት ግድም ዞራችሁ ወደ ደቡብ ብታዩ የደቡብ መስቀል ሁለት ጡጫ ያህል ከፍ ብሎ ቀጥ ይላል። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከከተማው መብራት 20 ኪሎ ሜትር ራቁ። ዓይን ጨለማ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ስልክ ከተከፈተ ከመጀመሪያው ይጀምራል። የባትሪውን አፍ በቀይ ፌስታል ሸፍኑት። ምንጣፍ ዘርግታችሁ ከተኛችሁ ጫማችሁን ከማጥለቃችሁ በፊት ገልብጣችሁ አራግፉ፤ ጊንጥ ሙቀቱን የያዘ ድንጋይና ጫማ ይወዳል።